እድር ላይ ሁሉም እጅ ያወጣል፣ በር ላይ ሁሉም ያጉረመርማል፦ ለምን? ምንስ ይደረግ?

ሐይቅ_ዳር (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ለመድረኩ። ጥያቄዬ እዚሁ ሐዋሳ ስላሉ እድሮች ነው፤ ግን የጽዋ ማኅበሩም የኮንዶሚኒየም ኮሚቴውም ነገሩን ያውቁታል።

አጀንዳው የወር መዋጮን ከ50 ብር ወደ 100 ብር ማሳደግ ነው እንበል። ዳኛው ያስረዳሉ። ሁለት ሦስት አንጋፋ አባላት ተነሥተው «ጥሩ ሐሳብ ነው» ይላሉ። «የምትደግፉ እጅ አውጡ» ሲባል አዳራሹ እጅ በእጅ ይሆናል። ተቃውሞ የለም፣ ድምፀ ተአቅቦ የለም፤ ቃለ ጉባኤው «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ብሎ ይዘጋል። ሰዉ ገና ከግቢው ሳይወጣ «ይሄ ለድሃው አልታሰበለትም» የሚል ሹክሹክታ ይጀምራል። በሁለተኛው ወር ከፋዩ ይቀንሳል፣ ቅጣት ይከተላል፣ ቀጥሎ ኩርፊያ።

ሰው እንዲህ የሚሆነው ፈርቶ ነው? ወይስ እዚያ ሲቀመጥ ከልቡ ያመነ ይመስለዋል? ምክርና ተግሣጽ አልፈልግም፤ ለጠቅላላ ጉባኤ የሚሆን አሠራር ያለው ሰው ይጻፍልኝ።

---

መምህሩ_ከታቦር

ሁለቱም አሉበት፤ መድኃኒታቸው ግን ይለያያል። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሞርተን ዶይችና ሃሮልድ ጄራርድ በ1955 የለዩት ነገር አለ። ሰው ከብዙኃኑ ጋር የሚስማማው ወይ «ይህን ያህል ሰው ካለ እነሱ ሳያውቁ አይቀሩም» ብሎ ነው፣ ወይ «ለየት ብዬ ብታይ ምን ይሉኛል» ብሎ። የመጀመሪያው በመረጃ ይድናል። ሁለተኛውን ግን መረጃ አይነካውም፤ ሰውዬው ድሮም እውነቱን ያውቃል።

ይህን በደንብ ያሳየው ሌላው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሰሎሞን አሽ ነው። ከ7 እስከ 9 ወጣቶች አንድ ክፍል ይገባሉ፤ ከነሱ እውነተኛው ተፈታኝ አንዱ ብቻ ነው፣ ሌሎቹ አስቀድመው የተመከሩ ናቸው። አንድ መስመር ያለበት ካርድና ሦስት መስመር ያለበት ካርድ ይታያቸዋል፤ ከሦስቱ የትኛው ከአንዱ ጋር እኩል እንደሆነ በተራ ድምፅ አውጥተው ይናገራሉ። ሕፃን የማይስተው ጥያቄ ነው፤ ሰው ብቻውን ሲጠየቅ ስሕተቱ ከ1 በመቶ በታች ነበር። ከ18ቱ ዙር በ12ቱ ግን የተመከሩት ሁሉ አንድ ዓይነት የተሳሳተ መልስ ይሰጣሉ። ያኔ ከተፈታኞቹ መልስ ከ100 ወደ 37 የሚሆነው ከስሕተቱ ጋር ሄደ። ከ4 ሰው 3ቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ተሸንፏል፤ አንዱ ግን አንድም ጊዜ አልተነቃነቀም።

ለእድር የሚጠቅመው አሽ ፈተናውን እየቀያየረ ያገኘው ነው።

አንድ ተቃራኒ ሰው ብቻ ሲኖር ስሕተቱ 3.6 በመቶ ነበር። ሁለት ሲሆኑ 13.6፣ ሦስት ሲሆኑ 31.8። ከዚያ በላይ ቢጨመሩ ብዙም ለውጥ አልመጣም። ስለዚህ አንተ «ሁለት ሦስት አንጋፋ አባላት» ያልካቸው ሰዎች በቂ ናቸው፤ ሦስተኛው ተናግሮ ሲቀመጥ ድምፁ አልቋል።

ከብዙኃኑ መካከል አንድ ሰው እውነቱን ሲናገር ደግሞ የተፈታኙ ስሕተት ወደ ቀድሞው ሩብ ወረደ። ኃይሉ ከብዛት ይልቅ ከአንድ ድምፅነት የመጣ ነው። አንዲት ስንጥቅ ከተገኘች ይፈርሳል።

ተፈታኙ መልሱን በድምፅ መናገሩ ቀርቶ ለብቻው በወረቀት ሲጽፍም ተጽዕኖው በጣም ወረደ። ዓይኑ ያው ዓይን ነው፤ የተለወጠው ማን እንደሚያየው ነው።

---

የዳቶ_ልጅ

መምህር፣ ጥሩ ብለዋል፤ ግን አሜሪካ ውስጥ ስለ መስመር ርዝመት የተጠየቀ ተማሪና ሐዋሳ ውስጥ እድር የተቀመጠ አባወራ አንድ ናቸው?

---

መምህሩ_ከታቦር

አይደሉም፤ የኛው ነው የሚከብደው። የአሽ ተፈታኝ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ነበር፤ ከክፍሉ ሲወጣ ዳግም አያገኛቸውም። የእድር አባል ግን የሚቃወመው ነገ ድንኳን የሚተክልለትን፣ ሬሳ የሚሸከምለትን ሰው ነው። «ማን ይቀብርሃል» የሚለው ማስፈራሪያ እድር ላይ ባዶ ቃል አይደለም። ሮድ ቦንድና ፒተር ስሚዝ በ1996 ከ17 አገሮች የተሰበሰቡ 133 የአሽ ዓይነት ጥናቶችን አንድ ላይ መርምረው፣ ሰው በቡድኑ በሚኖርባቸው አገሮች መስማማቱ ከፍ ይላል ብለዋል። ይህን ፈሪነት ማለት ግን ችኮላ ነው። ቀብር ዋስትናው በሆነበት ቦታ ዝም ማለት የሂሳብ ጉዳይም ነው።

---

ቃለጉባኤ

ወደ አሠራሩ ልግባ። እድር ላይ የሚበላሹት ቦታዎች የታወቁ ናቸው።

መጀመሪያው አጀንዳ ነው። አጀንዳ በዕለቱ ሲነበብ ሰው ለማሰብ ጊዜ የለውም፤ ስለዚህ የሚያየው የጎረቤቱን ፊት ነው። መምህሩ «በመረጃ ይድናል» ያሉት ክፍል እዚህ ላይ ይሠራል። ቢያንስ ከ7 ቀን በፊት ለቅሶ ለፋፊው በሚያዳርስበት መንገድ ይዳረስ፣ በአንድ ገጽ ይጻፍ፤ በገጹ ላይ ስንት ብር በካዝና አለ፣ ለአንድ ሐዘንተኛ ስንት ይወጣል፣ ባለፈው ዓመት ስንት ለቅሶ ነበር የሚለው ይግባ። 50 ብር ጭማሪ በዓመት 600 ብር መሆኑም በግልጽ ይጻፍ። በወር ሲነገር ቀላል የሚመስለው ጭማሪ በዓመት ሲባል ይከብዳል፤ ለዚህም ነው ብዙ ኮሚቴ በወር ብቻ የሚያቀርበው።

ሁለተኛው «ይጨመር ወይስ አይጨመር» ብሎ መጠየቅ ነው። ይህ አቀራረብ ተቃዋሚውን እድሩን የማይወድ ያስመስለዋል። ሦስት አማራጭ ይቅረብ፦ 50 ይቆይ፣ 75 ይሁን፣ 100 ይሁን። 75 ካለ «እምቢ» ሳይሉ አቅምን መናገር ይቻላል።

ሦስተኛው የዳኛው አፍ ነው። ዳኛ ሐሳቡን በመጨረሻ ይናገር፤ ቢቻል አይናገር። አንጋፋዎቹም እንዲሁ። ከታናሽ እስከ ታላቅ ይናገሩ ሲባል «ድፍረት ነው» የሚሉ አሉ፤ በጥንቱ የአይሁድ ሸንጎ ግን በነፍስ ጉዳይ ላይ ፍርድ የሚጀመረው ከታናሹ ነበር፣ ታናሹ ታላቁን ሰምቶ እንዳይከተል። ታልሙድ በሚባለው የአይሁድ የሕግ መጽሐፍ ውስጥ ከዚያም የባሰ አለ፦ ዳኞቹ ሁሉ አንድም ሳይቀር ጥፋተኛ ካሉት ተከሳሹ ነፃ ይውጣ የሚል አስተያየት ተመዝግቧል። ያለ አንድ ተቃዋሚ የተሰጠ ፍርድ አልተመረመረም ማለት ነው። እኛ «በሙሉ ድምፅ» ስንጽፍ የምንኮራበትን ነገር እነሱ ጠርጥረውታል።

አራተኛው እጅ ማውጣት ነው። ለብቻው መጻፍ ስለሚገባው በኋላ እመለስበታለሁ።

---

የዳቶ_ልጅ

ታናሽ ይጀምር ያልከው ላይ ልጨምር። በሲዳማ ሶንጎ ሽማግሌዎች ሲቀመጡ ጉዳዩ ወደ ውሳኔ ከመሄዱ በፊት «አፊኒ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ሰማችሁ ወይ እንደማለት ነው። ያልሰማ ካለ እንደገና ይነገረዋል። መመዘኛው ደግሞ ሃላሌ ነው፣ እውነቱ፤ የበዛው ወገን ማን ነው የሚለው አይደለም። ፍቼ ጨምበላላ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ ሲመዘገብ ሰው በዓሉን አወቀው፤ በየመንደሩ ያለው የሶንጎ ሥርዓት ግን ለስብሰባ አመራር ትምህርት መሆኑን ብዙ ከተሜ አያውቅም።

አንድ ነገር ግን እንዳይረሳ፦ ሶንጎ ጊዜ አለው። ዛሬ ካልተስማሙ ሌላ ቀን ይቀጥላል። እድር በወር አንዴ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይቀመጣል፣ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይም፣ ሰው ቡና ይጠብቀዋል። የሶንጎን መንፈስ በእድር ሰዓት ልሥራ የሚል ስሙን ብቻ ነው የሚወስደው።

---

መርፌና_ክር

ትንሽ ከርዕሱ ልውጣ። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ የስፌት መስመር የሚመሩ ሰዎች ሁልጊዜ የሚያነሡት ጥያቄ አለ፦ ፈጣን ሠራተኛ አዲስ መስመር ስትገባ በሁለት ሳምንት ውስጥ እንደ ሌሎቹ ትሆናለች። ቦነስ ቢኖርም። ይህም ያው ጉዳይ ነው?

---

መምህሩ_ከታቦር

ያው ነው፣ የቆየም ነው። ቺካጎ አጠገብ በነበረው የዌስተርን ኤሌክትሪክ ሐውቶርን ፋብሪካ ከኅዳር 1931 እስከ ግንቦት 1932 ድረስ ሽቦ የሚያያይዙ 14 ወንዶች በአንድ ክፍል ተቀምጠው ተጠንተዋል። ክፍያው ብዙ የሠራ ብዙ እንዲያገኝ ተደርጎ የተሠራ ነበር። ሰዎቹ ግን ለራሳቸው «የቀን በቂ ሥራ» የሚሉት ልክ ነበራቸው። ከልኩ ያለፈ ይቀለድበታል፣ ክንዱ ላይ በቡጢ ይመታል፤ ከልኩ በታች የሠራም እንዲሁ ይነወራል፤ ለአለቃ የሚያሳብቅም እንዲሁ። ምክንያታቸው ሞኝነት አልነበረም፦ አንዱ ከበዛ ኩባንያው የሁሉንም ሂሳብ ይቀንሳል ብለው ይፈሩ ነበር።

ስለዚህ መስመር የሚመራ ሰው አንዷን ለብቻዋ ቢሸልም ከጓደኞቿ ጋር ነው የሚያጣላት። መጀመሪያ ልኩ የቆመበትን ፍርሃት ያግኝ። «ኮታ ይጨመርብናል» ከሆነ፣ ኮታው ለምን ያህል ጊዜ እንደማይነካ በጽሑፍ ይስጥ፤ ሽልማቱም ለመስመሩ ሁሉ ይሁን። አንድ ክፍል ቤት ተከራይተው አብረው የሚያድሩ፣ አብረው እቁብ የሚጥሉ ልጆች ናቸው፤ ቡድኑ ከፋብሪካው በር ላይ አያልቅም።

---

ሰው_ለሰው

ማኅበራዊ ሥራ ላይ ነኝ። የምስጢር ድምፅ ሊመጣ ሲል ስለማየው ቶሎ ልቃወም።

ይሉኝታን እዚህ ሁሉም ሰው እንደ በሽታ ያወራዋል። «ይሉሽን በሰማሽ፣ ገበያ ባልወጣሽ» የሚለው ተረት እውነት ነው፤ ግን ይሉኝታ ክፉ ነገርንም ያቆማል። አንድ አጀንዳ ልስጣችሁ፦ የ4 ወር መዋጮ ያልከፈለች፣ ባሏ የሞተባት ሴት ከእድር ትሰረዝ አትሰረዝ። እጅ አውጡ ከተባለ ፊቷን እያየ «ትሰረዝ» የሚል የለም። በምስጢር ካደረጋችሁት ግን ግማሹ አዳራሽ ሊሰርዛት ይችላል፣ ማንም ሳያፍር። ሰው ሲታይ የሚሻለው ጊዜም አለ።

ሌላም ይጨመር። ብዙ እድር ላይ የተመዘገበው ባል ነው፤ ድምፁ የቤተሰብ ነው። የምስጢር ድምፅ ብላችሁ ለማን ነው የምትሰጡት? መዋጮውን ከአስቤዛ ላይ ቀንሳ የምትከፍለው ሚስት አዳራሹ ውስጥ የለችም።

---

ቃለጉባኤ

እህቴ፣ የሰው ስም ያለበት አጀንዳ በምንም ዓይነት ድምፅ አይወሰንም፤ በእጅም በምስጢርም። መተዳደሪያ ደንቡ «ያልከፈለ በ3ኛው ወር ማስጠንቀቂያ፣ በ6ኛው ወር ስረዛ፤ ሐዘን የደረሰበትን ግን ተጨማሪ 6 ወር ይታገሡታል» ብሎ አስቀድሞ ይጻፍ። ደንቡ ሲጸድቅ ማን ላይ እንደሚወድቅ ማንም አያውቅም፤ ስለዚህ ሰው ለራሱም ሊደርስ እንደሚችል አስቦ ይመርጣል። በኋላ ኮሚቴው ደንቡን ብቻ ያነባል። ስለ አንድ ሰው ድምፅ የሚያሰጥ እድር ለቂም በር ከፍቷል።

ሁለተኛው ነጥብሽ ግን ትክክል ነው፤ መልሱም ደንብ ላይ ነው፦ «የቤተሰቡን ድምፅ ከባልና ሚስት የተገኘው ይሰጣል» የሚል አንቀጽ ይግባ።

ኮሚቴው ግን በግልጽ ድምፅ ይስጥ። እሱ የሚወስነው በሌላ ሰው ገንዘብ ነው፤ ማን ምን እንዳለ ቃለ ጉባኤ ላይ በስም ይጻፍ። አባል ግን በራሱ ኪስ ስለሚወስን ይከለል። ምስጢራዊ ድምፅ በሕግ ሲጀመር፣ በአውስትራሊያ ቪክቶሪያና ሳውዝ አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1856፣ በብሪታንያ በ1872፣ የሚፈራው ባለርስቱና አሠሪው ነበር፤ ተከራዩ እያዩት ድምፅ ይሰጥ ስለነበር። እድር ላይ ባለርስት የለም፤ አበዳሪ ጎረቤት ግን አለ።

---

ሰው_ለሰው

ይሁን። ግን ከሥሩ አንድ ነገር አልተመለሰም። ሁላችሁም የምትጽፉት ኅሊና ውስጥ ያለ እውነት እንደሆነና ቡድን ከውጭ መጥቶ እንደሚያፍነው ነው። ኅሊናስ ከየት መጣ? ያንኑ ቡድን ሰምቶ ያደገ ሰው አይደለም ወይ «ደግ አይደለም» የሚለው?

---

መምህሩ_ከታቦር

የዚህ ክር ዋና ጥያቄ ይህ ነው፤ በቀላሉ አይዘጋም።

የማኅበረሰብ ጥናት ሊቁ ኤሚል ዱርካይም በ1893 እንዳለው የጋራ የሆነ ኅሊና አለ፤ ሰዎች የሚያምኑትና የሚሰማቸው አንድ ላይ ተጠራቅሞ ከእያንዳንዱ ሰው የሚሰፋ፣ ተላላፊውንም የሚቀጣ። ፍሮይድ በ1923 ያንኑ ወደ ውስጥ አስገባው፦ የወላጅ ድምፅ ሰው ውስጥ ቁጭ ብሎ ዳኛ ይሆናል። ሁለቱንም ይዘን ከሄድን እህታችን ትክክል ነች፤ ኅሊና የቡድን ልጅ ነው።

ግን ሰው የአንድ ቡድን ብቻ ልጅ አይደለም። የእድሩ አባል የቤተ ክርስቲያኑ ወይም የመስጊዱ ምእመን ነው፣ የእናቱ ልጅ ነው፣ የሥራ ባልደረባ ነው። ያደገበት አንዱ ቡድን ያስተማረውን ይዞ የተቀመጠበትን ሌላውን ቡድን ይመዝናል። ኅሊና የምንለው ብዙ ጊዜ ይህ ክርክር ነው። ስለዚህ ኅሊናው ደካማ የሚመስል ሰው ሁልጊዜ ኅሊና አጥቶ አይደለም፤ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ሌላውን ቡድኑን የሚወክል ሁለተኛ ሰው አጥቶ ነው።

ማስረጃው የስታንሊ ሚልግራም ጥናት ነው። በ1961 ዬል ዩኒቨርሲቲ የጀመረው፣ በ1963 ያሳተመው። አንድ ሰው ሌላውን በኤሌክትሪክ እንዲቀጣ ይታዘዛል (ንዝረቱ እውነት አልነበረም፣ ቀጪው ግን አያውቅም)። ከ40 ሰው 26ቱ እስከ መጨረሻው 450 ቮልት ሄዱ። ሁሉም ይህን ይጠቅሳል። ብዙ ሰው የማይጠቅሰው ሌላውን ነው፦ አብረውት ከተቀመጡት ሁለቱ «አንቀጥልም» ብለው ሲነሡ እስከ መጨረሻው የሄዱት ከ40 ሰው 4 ብቻ ሆኑ። ትእዛዙ አልተለወጠም። «እምቢ» ማለት እንደሚቻል ማየቱ ብቻ በቃ።

ስለዚህ ለሐይቅ_ዳር መልሴ፦ አባላትህን ደፋር ለማድረግ አትድከም። የመጀመሪያው «እምቢ» ዋጋው እንዲረክስ አድርግ።

---

ሐይቅ_ዳር

ገብቶኛል። እንግዲያው አንዱን አባል አስቀድመን «አንተ ተቃወም» ብንለውስ? ሌሎቹ እንዲከፈቱ።

---

መምህሩ_ከታቦር

አይሠራም፣ ወይም በጣም በትንሹ ነው የሚሠራው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ቅዱስ ከመሰየሟ በፊት የሚከራከር ሹም ከ1587 ጀምሮ ነበራት፤ በ1983 ሥርዓቱ ተለወጠ። ሻርላን ኔሜትና ባልደረቦቿ በ2001 ሲያነጻጽሩ ግን ተመድቦ የሚቃወም ሰው ከልቡ የሚቃወምን ሰው ያህል ሌሎችን አያሳስብም። አዳራሹ ቶሎ ይነቃበታል፣ «ሥራው ነው» ይላል። ደግሞም ተሰብሳቢው ተቃውሞ የተሰማ ስለሚመስለው የባሰ ይረጋጋል። ከልቡ የሚቃወመውን ፈልግ፤ እሱ ቀድሞውኑ አለ፣ ሆድ ይፍጀው ብሎ ተቀምጧል።

ተቃዋሚውም ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። ሰርዥ ሞስኮቪቺና ባልደረቦቹ በ1969 ከ6 ሰው 2ቱ ሰማያዊውን «አረንጓዴ» እንዲሉ አደረጉ። ሁለቱ ሳያወላውሉ ሲሉ ከሌሎቹ መልስ 8.42 በመቶው አብሮ አረንጓዴ አለ፤ አንዴ እንዲህ አንዴ እንዲያ ሲሉ ግን 1.25 በመቶ ብቻ። ጥቂቶች የሚሰሙት አንድ ቃል ሲጸኑ ነው። በአንድ ስብሰባ ሦስት ምክንያት የሚደረድር ተቃዋሚ ይሸነፋል፤ አንዱን ምክንያት ሦስት ጊዜ የሚናገር ይሻላል።

---

ቃለጉባኤ

አሁን እጅ ማውጣትን የሚተካውን ልጻፍ። ወረቀት ጥሩ ነው፣ ግን ሁለት ችግር አለበት፦ ማንበብ የማይችሉ አባላት አሉ፣ የእጅ ጽሑፍም ይታወቃል። ስለዚህ ቦሎቄ። እዚህ አካባቢ በየሱቁ አለ፤ ለ100 ሰው አንድ አንድ ጭብጥ ይበቃል።

ነጭ «ይጸድቅ»፣ ቀይ «አይጸድቅ»። መጠናቸው ተቀራራቢ ይሁን። ነጩ ትልቅ ቀዩ ትንሽ ከሆነ በጭብጥ ውስጥ ሳይታይ በድምፁ ይለያል።

አባል ስም መቆጣጠሪያ ላይ ሲፈርም አንድ ነጭና አንድ ቀይ ይቀበላል። ለዚያው ድምፅ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አይታደልም።

ሁለት ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን አንገታቸው ተቆርጦ እጅ እንዲያስገቡ ይደረጋል፤ ቀዳዳው ጭብጥ ብቻ የሚያስገባ ይሁን፣ ወደ 10 ሴንቲ ሜትር። ቢጫ ጀሪካን በብርሃን ውስጡን ስለሚያሳይ በጨርቅ ይጠቅለል፤ ሥሩም ጨርቅ ይነጠፍበት፣ ቦሎቄ ሲወድቅ እንዳይሰማ። አንዱ ላይ «ድምፅ»፣ አንዱ ላይ «ቀሪ» ይጻፍ፤ ማንበብ ለማይችል «ድምፅ» ላይ ገመድ ይታሰርበት። የሚከለልበት የእድሩ ሸራ አለ፤ በጥግ ይዘርጋ።

እያንዳንዱ ለብቻው ገብቶ የመረጠውን «ድምፅ» ውስጥ፣ የተረፈውን «ቀሪ» ውስጥ ይጥላል። ባዶ እጁን እያሳየ ይወጣል። ባዶ እጅ ካልታየ አንዳንዱ የተረፈውን ቦሎቄ ይዞ ወጥቶ ለጓደኛው ያሳያል፤ ያኔ ምስጢሩ አለቀ፣ ቃል የተገባበት ድምፅ መግዛት ይቻላል።

የመጣው 84 ሰው ነው እንበል። «ድምፅ» ውስጥ 84፣ «ቀሪ» ውስጥ 84 መገኘት አለበት፤ የሁለቱ ጀሪካን ነጭ ሲደመር 84፣ ቀይ ሲደመር 84። የሁለቱ ጠቅላላ ድምር ከ168 ካነሰ ቦሎቄ በኪስ ወጥቷል፤ ከበለጠ ከውጭ ገብቷል። «ድምፅ» 85፣ «ቀሪ» 83 ከሆነ አንድ ሰው ሁለቱንም «ድምፅ» ውስጥ ጥሏል፤ በተቃራኒው ከሆነ ድምፀ ተአቅቦ ነው። ልዩነቱ ከአሸናፊው ብልጫ ካነሰ ውጤቱ ይጸና፣ ካልሆነ ይደገም።

ጊዜው፦ ለአንድ ሰው 20 ሰከንድ ቢባል 84 ሰው 28 ደቂቃ ነው። ሁለት መከለያ ከተዘረጋ 14። ቆጣሪዎች 3 ይሁኑ፣ ከኮሚቴው ማንም አይግባበት፤ ቆጠራው ጮክ ተብሎ በሰው ፊት።

---

መርፌና_ክር

አንድ ቀዳዳ አለበት። አንድ ሰው ሁለቱንም «ድምፅ» ውስጥ ቢጥል፣ ሌላው ደግሞ ሁለቱንም «ቀሪ» ውስጥ ቢጥል 84 እና 84 ይመጣል። ነጩም ቀዩም ድምር ይሞላል። ቆጠራው አይይዘውም።

---

ቃለጉባኤ

ልክ ነህ። ግን ሁለቱን የጣለው አንድ ነጭና አንድ ቀይ ነው የጨመረው፤ እርስ በርሱ ስለሚጣፋ ብልጫውን አይለውጠውም። ሁለት ነጭ መጣል የሚችለው ከውጭ ያመጣ ብቻ ነው፤ እሱን የነጭ ድምር ይይዘዋል። ሦስት አማራጭ (50፣ 75፣ 100) ሲሆን ግን ነጭ፣ ቀይና በቆሎ ይታደላል፤ «ቀሪ» ውስጥ 168 ይጠበቃል። ከሦስት በላይ አማራጭ አትውሰዱ፣ ሰው ይምታታል።

---

ሐይቅ_ዳር

ድምፁ ከውይይቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ?

---

መምህሩ_ከታቦር

ሁለት ጊዜ። ይህን ብቻ ብታደርግ እንኳ ለውጥ ታያለህ።

ዝምታው የሚጸናው እያንዳንዱ «የምቃወመው እኔ ብቻ ነኝ» ስለሚል ነው። 30 ሰው ይህን ሲያስብ 30ው ሁሉ እጁን ያወጣል፤ የወጣውን እጅ አይቶም ሐሳቡ ይጸናበታል። ስለዚህ አጀንዳው እንደተነበበ፣ ማንም ሳይናገር፣ የማያስገድድ የሙከራ ድምፅ ይሰጥ። ውጤቱ ሲነገር ግን ቁጥሩ እንዳለ አይነበብ፤ «60 ለ24» ከተባለ 24ቱ እንደገና ወደ ብዙኃኑ ይጎተታሉ። «የተለየ ሐሳብ ያላቸው ከ10 በላይ አባላት አሉ፤ ምክንያታቸውን እንስማ» ይበል ዳኛው። ያኔ የሚነሣው ሰው ብቻውን እንዳልሆነ አውቆ ይነሣል። ከዚያ ውይይት፣ ከዚያ የሚያስገድደው ድምፅ፤ ያኛው በሙሉ ቁጥሩ ይነበባል፣ ቃለ ጉባኤ ላይም እንዲሁ ይሰፍራል። ለመዋጮ ጉዳይ ሁለት ሦስተኛ ይጠየቅ፤ ከ84 ሰው 56።

---

የዳቶ_ልጅ

ጥያቄ፦ የተቃዋሚው ቁጥር ከ10 ካነሰስ? ዳኛው ምን ይበል?

---

ቃለጉባኤ

«የተለየ ሐሳብ አለ» ብቻ ይበል። ቁጥር ባነሰ መጠን መገመት ይጀምራል፤ «3 ናቸው» ከተባለ ቡና ላይ ስማቸው ይወጣል።

---

ሰው_ለሰው

ቴሌግራም ግሩፕ ያላችሁ እድሮች ደግሞ «እዚያው ድምፅ እናሰጥ» ማለታችሁ አይቀርም። ስም የማያሳየውን ምርጫ ብትጠቀሙም ሰው እንደመረጠ ውጤቱ ይታየዋል፣ ድምፁንም ስቦ መቀየር ይችላል። ጠዋት የመረጡት ማታ ብዙኃኑን አይተው ይዞራሉ። ስልክ የሌላቸው ሽማግሌዎችም ከነጭራሹ ይቀራሉ። ለለቅሶ ማስታወቂያ ተጠቀሙበት፣ ለመዋጮ አይሆንም።

---

ሐይቅ_ዳር

ቦሎቄውን፣ ሁለቱን ዙርና 75 ብሩን ለኮሚቴው አቀርባለሁ። የሚቸግረኝ ዳኛውን በመጨረሻ ተናገሩ ማለት ነው፤ ጋሼ ትልቅ ሰው ናቸው።

---

ቃለጉባኤ

እሳቸውን አትንገር፤ የአጀንዳ ቅደም ተከተሉ ላይ ጻፈው። «1. አጀንዳ በጸሐፊው ይነበባል። 2. የሙከራ ድምፅ። 3. የአባላት ሐሳብ። 4. የዳኛው ማጠቃለያና ቡራኬ። 5. ድምፅ።» ማጠቃለያና ቡራኬ የትልቅ ሰው ቦታ ስለሆነ ራሳቸው ይመርጡታል። 4ኛውን ከ5ኛው በኋላ ብታደርገው ደግሞ ይበልጥ ይሻላል፤ ቡራኬ በመጨረሻ ቢሆን ማንም አይቃወምህም።